ጽዋቸውን የመለሱት ሾፌር

ጋሽ ስመኘው ማረፋቸውን የነገረኝ ሰው ሻዩን እያማሰለ ነበር። የደብረ ታቦር መስመር ሾፌር ነው፤ እዚህ መናኸሪያ ከመጣ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። «እኚያ ከቆመ መኪናቸው ውስጥ የሚቀመጡት ሽማግሌ አረፉ አሉ» አለኝና ስኳሩ አልሟሟለትም መሰለኝ ማማሰሉን ቀጠለ። እኔ ማንቆርቆሪያውን እንዳነሣሁ ቀረሁ። ሰውየው ጋሽ ስመኘውን የሚያውቃቸው በቆመ መኪና ውስጥ እንደሚቀመጡ ሽማግሌ ብቻ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከንፋስ መውጫ አርብ ገበያ ሰው ሲያመላልሱ አላያቸውም። የከነከነኝ ከሞታቸው ይልቅ ይኸው ነው፤ ለመጻፍ የተቀመጥኩትም ለዚሁ ነው።

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ቀሪውን የተማርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ወረቀት ነው፤ ሱቅ ተልኬ ስመለስ ስኳሩ ለእናቴ፣ ወረቀቱ ለእኔ ነበር። ከመናኸሪያው በር ላይ ሻይ ቤት ከከፈትኩ ወዲህ ግን ማመልከቻ የሚያስጽፍም፣ ቅጽ የሚያስሞላም ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። «የእናኑን ጽሑፍ ያየ ዳኛ ከወንበሩ ይነሣል» እያሉ የሚያሞካሹኝ ጋሽ ስመኘው ነበሩ። አንድም ዳኛ ሲነሣ አላየሁም፤ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ረዥም ሰው ናቸው። የሚኒባሷ ጣሪያ ስለሚያጥራቸው አንገታቸውን ወደ ቀኝ ሰበር አድርገው ነበር የሚነዱት። እያደር ከመኪናው ወርደውም አንገታቸው እንደዚያው ቀረ፤ ሁልጊዜ የሆነ ነገር የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር። ከመነሣታቸው በፊት መኪናዋን ሦስት ጊዜ ይዞራሉ። ጎማዋን በተረከዛቸው መታ መታ ያደርጋሉ፣ መስታወቷን በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ሌሎቹ ሾፌሮች ይቀልዱባቸዋል፤ «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ የምን ንግሥ ነው?» ይሏቸዋል። እሳቸውም ዙራቸውን ሳያቋርጡ «አንተ ካልዞርካት ገደል ውስጥ እሷ ታዞርሃለች» ይላሉ።

ከልማዳቸው ሁሉ የማይረሳኝ ግን ወደ አርብ ገበያ የሚወስደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ሲደርሱ የሚያደርጉት ነው። ሞተሩን ያጠፉና ወደ ኋላ ዞረው «የተጣላ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰው ይስቃል፣ «የለም» ይላል፣ ይወርዳሉ። አንድ አርብ እኔም ለገበያ ተሳፍሬ ነበር። ሁለት ጎረቤታሞች በመሬት ወሰን ተኳርፈው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ተቀምጠው፣ ከንፋስ መውጫ ጀምሮ በአሽሙር ሲዋጉ መጡ። አፋፉ ላይ ጋሽ ስመኘው እንደ ልማዳቸው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሁለቱን አየ። ቁልፉን ነቀሉና ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ ጋሼ፣ ገበያው ይበተናል» አለች።

«ይበተን። እኔ የተጣላ ሰው ጭኜ ቁልቁለት አልወርድም። ብንሞትስ?»

እንግዲህ የመኪናው ሰው ሁሉ በሁለቱ ላይ ተነሣ። አንዷ ቅቤዬ ቀለጠ አለች፣ አንዱ በሬዬን የሚገዛኝ ሰው ቀጥሮኛል አለ፣ አንድ ቄስ መስቀላቸውን አወጡ። ሁለቱ ሰዎች ወርደው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ መጀመሪያ እየተነጫነጩ፣ በኋላ አንደኛው ሳቅ አመለጠው። «የትራንስፖርት ከፍለን ሽምግልናው በነፃ» አለና ገባ። ጋሽ ስመኘውም ምንም እንዳልተደረገ ሞተሩን አስነሥተው በአንደኛ ማርሽ ቁልቁል ያዙት። «ቁልቁለት ወዳጅ የለውም» ይላሉ ሁልጊዜ፤ «ስትንቂው ነው የሚንቅሽ።»

በዚያ ሁሉ ዓመት የገጩት አንዲት ዶሮ ነው፤ አርብ ገበያ መግቢያ ላይ። ወርደው ባለቤቷን ፈልገው በምትኳ ቄብ ዶሮ ገዝተው ሰጡ። ከዚያ በኋላ በዚያ ባለፉ ቁጥር ሴትዮዋ እስኪሰለቻት ድረስ «እንቁላል ጀመረችልሽ?» ይሏት ነበር።

ያ የተጣላ አለ ወይ የሚሉት ነገር ከየት እንደመጣ ያወቅኩት በኋላ ነው። ከማኅበራቸው ነው የተማሩት። ጋሽ ስመኘው የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበሩ። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ተራ በደረሰው ሰው ቤት ይሰበሰባሉ። የተጣላ ካለ ሳይታረቅ ጽዋ አይቀምስም። ጸሎት ይደረጋል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጽዋው ይዞራል፣ ከዚያ የሞቱ ማኅበርተኞች ስም አንድ በአንድ እየተጠራ ይታሰባል። የእሳቸው ቦታ የአባታቸው ነበር፤ ከዚያ በፊት የአያታቸው። ልጅ አልወለዱምና ከእሳቸው በኋላ የሚተካ አልነበረም። ያንን ሲያነሡ «እኔን የሚያስታውሰኝ ማኅበሬ ነው» ይላሉ። ጽዋው ያው ጠላ ነው። ግን በመልአኩ ስም ተባርኮ ሲሰጥዎ «በቃኝ» አይባልም። በአገራችን ጽዋ የመለሰ ሰው ማኅበሩን መለሰ ነው።

ስለዚህ በአሥራ ሁለት ቀን መኪናዋን አያንቀሳቅሷትም። ጠዋት ቁልፉን ለሚስታቸው ለእትዬ ዝና ይሰጣሉ፤ እትዬ ዝናም በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩታል፤ እስከ ማግስቱ አይፈታም። ይህ ሕግ በቤታቸው ስንት ዓመት እንደሠራ አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ ፈረሰ።

ያን ዕለት ማኅበሩ እሳቸው ቤት ነበር። የማኅበሩ አባት መርጌታ ናቸው፤ ቤተ ልሔም በሚባለው የአገራችን ደብር ድጓ ሲማሩ ያረጁ፣ አሁን ከከተማው ወዲያ ማዶ የሚኖሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ። ሊሄዱ ሲነሡ በረዶ ጣለ። ባጃጅ ቢፈለግ ጠፋ። መርጌታ በበትራቸው እየተደገፉ በእግር ሊወጡ ሲሉ ጋሽ ስመኘው ቁልፉን ጠየቁ።

እትዬ ዝና «አንቱ፣ ቀኑን ይወቁት» አሏቸው።

«አባታችንን በበረዶ ልስደድ? አስፋልቷን ተሻግሬ እመለሳለሁ።»

እትዬ ዝና በኋላ ሲነግሩኝ፣ ቋጠሮው ሦስት ጊዜ ከጣታቸው አምልጧቸዋል። ያንን ምልክት አለማድረጋቸው እስካሁን ይቆጫቸዋል።

በዚያ ሰሞን ትራፊክ ፖሊሶቹ የትንፋሽ መለኪያ ይዘው አስፋልቱ ላይ መቆም ጀምረው ነበር። ጋሽ ስመኘውን አስቁመው «ይንፉ» አሏቸው። እሳቸው ደግሞ የተባሉትን ሙሉ በሙሉ የሚያደርጉ ሰው ናቸው፤ በመላ ደረታቸው እንደ ወናፍ ነፉበት። መርጌታም ከጎን ሆነው «እኔስ አልነፋም?» ብለው ጠየቁ አሉ። ሾፌሮቹ ይህን እያነሡ ብዙ ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ። መጨረሻውን ማን አወቀ።

ፍርድ ቤት የቀረቡ ቀን ሻይ ቤቴን ዘግቼ ሄድኩ። ብዙ ሰው መክሯቸው ነበር፤ መድኃኒት ወስጄ ነው ይበሉ ያላቸው አለ፣ ቀመስኩ እንጂ አልጠጣሁም ይበሉ ያላቸው አለ። እሳቸው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሁሉንም አዳመጡ፤ አንዱንም አልያዙም። ዳኛው «ጠጥተው ነበር ወይ?» ብለው ጠየቋቸው።

«ማኅበር ነበርኩ» አሉ።

«እሱን አይደለም የጠየቅኩዎት። ጠጥተው ነበር?»

«ጽዋ ጠጥቻለሁ።»

«ስንት?»

«ጽዋ አይቆጠርም፣ ጌታዬ።»

ችሎቱ ውስጥ ያለው ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። ወረቀቱን ገለጥ አድርገው አዩና በለዘበ ድምፅ «መሣሪያው ግን ቆጥሮታል፣ አባቴ» አሏቸው።

ጥፋተኛ ተባሉ። መንጃ ፈቃዳቸው ለስድስት ወር ታገደ፤ መቀጮም ነበረው። ስንወጣ ዳኛውን ልረግም ስጀምር አስቆሙኝ። «እውነታቸውን ነው። ብገጭ ኖሮ የሞተው ሰው ጽዋ ነው ጠላ ነው ብሎ አይለይም» አሉኝ። እገዳውን እንደ ሱባኤ ያዙት። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዋን ያጥባሉ፣ ከሰዓት ሻይ ቤቴ መጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቀመጣሉ፤ ሌላው መኪና ሲወጣ ላለማየት ነው። ድምፁን ሰምተው ግን «ያ ልጅ ፍሬኑን ያሳይ፣ እያለቀሰ ነው» ይሉኛል።

ስድስት ወሩ አለቀ፣ መንጃ ፈቃዱ ተመለሰ። ዕድሜያቸው ሰባን ሊሞላ አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር። በመርጌታ ተመርቀው፣ ጋቢያቸውን አሳጥበው መጡ፤ የአርብ ገበያ ሴቶችም «ጋሼ ሊመለሱ ነው» ብለው ተደሰቱ፤ ከእሳቸው ጋር ሲሳፈሩ እንመለስ አንመለስ ብለው ልጆቻቸውን ስመው አይሰናበቱም ነበርና። ግን የመኪናዋ ኢንሹራንስ በመሀል ጊዜው አልፎ ነበር። ያለ ኢንሹራንስ ቦሎ አይለጠፍም፤ ቦሎ የሌለው መኪና ከመናኸሪያ አይወጣም። ለብዙ ዓመት ኢንሹራንሱን ሲያድሱላቸው የነበሩት ሰዎች በዚህ ጊዜ እንደ ወትሮው ማኅተም መትተው አልመለሷቸውም፤ ቅጽ ሰጧቸው። ዓይናቸው ለጥቃቅን ጽሑፍ አይሆንምና ይዘውት ወደ እኔ መጡ።

ስም፣ ዕድሜ፣ የመኪናው ዓይነት፣ ይህ ሁሉ ቀላል ነበር። «ከዚህ በፊት ያደረሱት አደጋ» የሚለው ላይ ስንደርስ «ዶሮዋን ጻፊ» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። ቀልድ አልነበረም። ጻፍኩ። በመጠጥ ምክንያት ተቀጥተው ያውቃሉ ወይ ለሚለውም አዎ አልን። ከሥሩ ደግሞ የአልኮል መጠጥ ይወስዳሉ ወይ ይላል። እዚያ ላይ እስክሪብቶዬን አነሣሁ።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ እንኳ የለም ልበል። በወር አንድ ቀን ለሆነ ነገር ማን ያያል?»

«እናኑ» አሉኝ፣ «ውሸት ጽፈሽልኝ ቁልቁለቱን ከእኔ ጋር ትወርጂዋለሽ?»

እስክሪብቶዬን መልሼ ወረቀቱ ላይ አኖርኩ።

«ጽዋ እጠጣለሁ በዪ።»

«ጽዋ የሚል ቦታ የለውም እኮ። ወይ አዎ ነው ወይ የለም።»

«ከጎኑ ባዶ አለው አይደል? እዚያ ጻፊው።»

ከጎኑ አጥብቤ ጻፍኩት፤ ጽዋ ብቻ፣ በወር አንድ ቀን፣ በሚካኤል።

ደብረ ታቦር አብሬያቸው ሄድኩ። የኢንሹራንሱ ቢሮ ውስጥ የተቀበለችን ልጅ ጥሩ ልጅ ነበረች፤ ተነሥታ ወንበር ሰጠቻቸው፣ «አባቴ» እያለች ነው ያናገረቻቸው። ቅጹን አነበበች፤ ዶሮዋ ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች፤ ከጎን የጻፍኩት ላይ ስትደርስ ፈገግታው ጠፋ። ለአንድ የተፈረደበት ሽማግሌ ሾፌር ኢንሹራንስ ለመስጠት የሚወስነው ዋናው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አስረዳችን። እነሱ ይህን ሲያዩ ሰውየው ዛሬም ይጠጣል፣ አልተወም ነው የሚሉት አለች። መኪናዋን ሌላ ሾፌር ይነዳታል ብለው ከፈረሙ ግን ዛሬውኑ ትጨርስላቸዋለች። ጋሽ ስመኘው በዚህ ሳቁ። «ሚስትህን ሌላ ሰው ካገባት እንድርልሃለን ነው የምትይኝ?» አሏት። ልጅቷም ሳቀች፤ ቀጥላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌላ መንገድ ነገረቻቸው። ከማኅበሩ መውጣታቸውን የሚገልጽ፣ ማኅበርተኞቹ ምስክር ሆነው የፈረሙበት ደብዳቤ ቢያመጡ አያይዛ ትልክላቸዋለች።

«ከዚያ ይሆናል?» አሏት።

«ይሆናል ብዬ አልምልም፣ አባቴ። ያለሱ ግን አይሆንም።»

ሌሎች ሁለት ቢሮዎችም ጠየቅን። አንዱ ዕድሜያቸውን ሲሰማ፣ አንዱ ቅጣታቸውን ሲሰማ መለሱን። በሰው መኪና ተሳፍረን ተመለስን። የጉና ተራራ በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ ጋሽ ስመኘው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው በየመታጠፊያው ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይጫናል። ከጎናቸው የነበረች ሴት አይታ እግራቸውን ያማቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«አያመኝም፣ ልጄ። እያገዝኩት ነው» አሏት።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ የሚያደርጉትን አጡ። በአንድ በኩል የአባታቸው ጽዋ አለ፣ በሌላው መሪው። እትዬ ዝና መኪናው ይቅር ባይ ነበሩ፤ «ግን ቤት ሲውሉ እኮ ሰው አይደሉም፣ የጠፋበት ዕቃ እንዳለ ሰው ከጓዳ ሳሎን ይመላለሳሉ» አሉኝ። አንድ ቀን ሻይ ቤቱ ባዶ ሲሆን ጋሽ ስመኘው ጠሩኝ።

«ሚካኤል የመንገደኛ ጠባቂ አይደል?»

«ነው፣ ጋሼ።»

«መንገደኛ ላመላልስ ብዬ ጽዋውን ብተወው ይቀየመኛል?»

እንግዲህ እኔ ማን ነኝ? ሻይ የምሸጥ ሴት ነኝ። ቄስ አልጠይቅላቸውም ነበር? ግን ፊታቸውን አየሁና አላስቻለኝም። «አይቀየምም» አልኳቸው። በመልአክ ፈንታ ተናገርኩ። ወረቀት አውጥቼ ደብዳቤውን የጻፍኩትም ያኔውኑ ነው፤ ሳይቀዘቅዝባቸው ብዬ።

በአሥራ ሁለት ደብዳቤውን ይዘን ማኅበሩ ወዳለበት ቤት ሄድን። ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከአባቴ የተረከብኩትን የማኅበር ጽዋ በፈቃዴ መልሻለሁ፣ ከእንግዲህ አልመለስም፣ ማኅበርተኞቼም ምስክሮቼ ናቸው ይላል። አጥብቄ ጽፌው ነበር፤ ያ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚሉት ቅር የሚለው ነገር እንዳያገኝ። አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ አዩት። ከዚያ አንድ በዕድሜ የገፉ ማኅበርተኛ ብልሃት አመጡ።

«ቀላል እኮ ነው። ደብዳቤው ይሂድ፣ እርስዎ ይቀመጡ። ደብረ ታቦር ያለ ሰው በምን ያውቃል?»

ሁሉም በአንድ አፍ ደገፉ። እኔም በልቤ እሰየው አልኩ። ጋሽ ስመኘው አንገታቸውን እንደሰበሩ ዙሪያውን አዩ።

«ታዲያ ምስክር የምትሆኑኝ በማን ስም ነው?» አሉ። «ይኸን ጽዋ በያዛችሁበት እጅ ነው የምትፈርሙት?»

መርጌታ «እኔን ሊያደርሱ ወጥተው ነው ይኸ ሁሉ የመጣብዎት» ብለው አለቀሱ። ከዚያ አንድ በአንድ ፈረሙ፤ የማይጽፉት አውራ ጣታቸውን ቀለም እየነከሩ አተሙ። ጽዋው ዞሮ እሳቸው ዘንድ ሲደርስ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ሳሙት፣ ሳይቀምሱ ለጎረቤታቸው አሳለፉ። ዳቦው ሳይቆረስ ተነሥተው ወጡ። በዕድሜያቸው እንደዚያ ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው ነው።

ደብዳቤው ተላከ። መንገዱ አንድ ሰሞን ተዘግቶ ነበርና መልሱ ዘገየ። እሳቸው ግን እርግጠኛ ነበሩ። አዲስ ጎማ አስገቡ፣ የመቀመጫዎቹን ልብስ አስቀየሩ፣ የአርብ ገበያ ሴቶችን ባዩ ቁጥር «ከፋሲካ በፊት እመጣለሁ» ይሏቸዋል። ያን ጊዜ ሴቶቹ ጠቦትም ገዝተውላቸዋል ተብሎ ይወራ ነበር፤ የተመለሱ ዕለት ሊያርዱላቸው። ዕድሜ ለእሳቸው፣ ተስፋቸው እኔንም ይዞኝ ነበር።

ፖስታውን ይዞልኝ የመጣው በዚያን ጊዜ የነበረ ሌላ የደብረ ታቦር ሾፌር ነው። ጋሽ ስመኘው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። ቀድጄ አንድ ጊዜ በልቤ አነበብኩት። «ጮክ ብለሽ» አሉ።

ጮክ ብዬ አነበብኩ። የአመልካቹ ዕድሜ ድርጅቱ ለሕዝብ ማመላለሻ አሽከርካሪዎች ከሚቀበለው በላይ በመሆኑ ጥያቄያቸውን ለመቀበል እንደምንቸገር እንገልጻለን፤ ከሰላምታ ጋር።

ከዚያ «ስለ መጠጡስ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ስለ መጠጥ ምንም አይልም፣ ጋሼ።»

«ስለ ደብዳቤያችንስ?»

«እሱንም አላነሡትም።»

«ደግመሽ እይው።»

ደግሜ አየሁት። ሦስት መስመር ነው፤ ስንት ጊዜ ቢታይ ሦስት መስመር ነው። ገልብጬ ጀርባውንም አሳየኋቸው፤ ባዶ ነበር። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ፣ ለሻዩ አመሰገኑኝ፣ ሄዱ።

ማኅበርተኞቹ ነገሩን ሲሰሙ መርጌታን ይዘው ሦስት ጊዜ ለምነዋቸዋል። ሦስተኛው ቀን እኔም ነበርኩ። ቦታዎ ክፍት ነው፣ ማንም አልተቀመጠበትም አሏቸው። ጋሽ ስመኘው አልተቆጡም፤ ቁጣ ቢኖራቸው ይሻል ነበር።

«ፈርሜ ወጣሁ» አሉ። «የወጣሁለት ነገር ሳይሳካ ሲቀር ልመለስ? ሚካኤል ትርፍ ወንበር ነው እንዴ?»

እትዬ ዝና ኩርሲያቸውን ስበው ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ያ ሻይ ጠጪ ሾፌር የሚያውቀው ነው። መኪናዋ ከቤታቸው አጥር ጥግ ቆመች። ምሳ በልተው ይወጡና ከመሪው ኋላ ይቀመጣሉ፤ ሞተር አያስነሡም፣ ሬዲዮም የላቸውም። መንገደኛው ሲያልፍ ሰላም ይላቸዋል፣ አንዳንዱ «ዛሬ ወዴት ነው ጋሼ?» ብሎ ይቀልዳል። መጀመሪያ መጀመሪያ መልስ ነበራቸው፤ በኋላ እጃቸውን ብቻ ያነሡ ነበር፣ በኋላ ደግሞ እሱንም ተዉት። ሻይ ቤቴ መምጣታቸውም ቀረ። በአሥራ ሁለት ቀን ግን ከመኪናው ውስጥም አይገኙም ነበር። የት እንደሚሄዱ እትዬ ዝናም አያውቁም፤ ሲመሽ ጫማቸው ጭቃ ሆኖ ይመለሳሉ። አንድ ክረምት ሳል ያዛቸው፣ አለቀቃቸውም። ልጠይቃቸው ስገባ «ያች መኪና ጎማዋ ተነፈሰ?» ብለው ጠየቁኝ። አልተነፈሰም ብዬ ዋሸኋቸው። ያንንም ያወቁ ይመስለኛል።

ቀብራቸው ላይ ማኅበርተኞቹ ሁሉ ነበሩ፤ አስከሬኑን የተሸከሙትም እነሱ ናቸው። ከሠልስቱ ማግስት መርጌታ በትራቸውን ይዘው ሻይ ቤቴ መጡ። የቀረበላቸውን አልነኩም።

«እናኑ፣ ያን ደብዳቤ የጻፍሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«እንግዲያው የሚሽረውንም አንቺው ጻፊልኝ። ስማቸውን ከሙታኖቻችን ጋር ልጥራ ብል ሽማግሌዎቹ በፈቃዱ ፈርሞ የወጣን ሰው በማን ቃል እንመልሰዋለን አሉኝ። ቃላቸው ደግሞ ሐሰት አይደለም።»

ወረቀት አወጣሁ። እኔ ስመኘው ከማኅበሬ የወጣሁት ለእንጀራዬ ብዬ ነበር፣ አሁን ተመልሻለሁ፣ ቦታዬን ስጡኝ ብዬ ጻፍኩ። እጄ ያወጣው ሁሉ ያማረ ነበር፤ ከጻፍኳቸው ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ከታች ለፊርማው መስመር አሰመርኩ።

መርጌታ ዓይናቸው ደክሟል፤ እስክሪብቶው ሲቆም ሰምተው «አለቀ?» አሉኝ።

«አላለቀም፣ አባቴ። የእሳቸው ፊርማ ቀርቷል።»

ወረቀቱን ተቀበሉኝና በመዳፋቸው ዳበሱት። መልሰው ሰጡኝ፣ ተነሡ፣ እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

ይህን የምጽፈው በሚካኤል ቀን፣ በአሥራ ሁለት ነው። ማኅበሩ ከእኛ ሰፈር በታች ተሰብስቧል። እስካሁን ዳቦው ተቆርሶ ይሆናል፤ የሙታኑን ስም መጥራት ጀምረዋል። የእሳቸው የለበትም።